ዓሣ በጀሪካን

መርጡለ ማርያም ሐይቅ የላትም። ወንዞቿም ክረምት ሲገባ ደፍርሰው የሚያስፈራሩ፣ ጥር ሲመጣ ደግሞ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንጠባጠቡ የሚውሉ ናቸው። ትልቁ ውኃችን ዓባይ ነው፤ እሱም ከገደሉ ሥር፣ ሰላም እንኳ ሳይለን፣ ቆላ ለቆላ ዞሮን ያልፋል። ስለዚህ እነብሴ ላይ ተቀምጦ ስለ ዓሣ የሚጽፍ ሰው «አንተን ምን አገባህ?» ቢባል አይፈረድም። እኔም ተብያለሁ። «መምህር፣ ቅኔው አለልህ፣ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ደብር አለልህ፤ ዓሣ ምን ያደርግልሃል?» ያሉኝ አሉ።

ልንገራችሁ ምን እንዳገባኝ።

ከከተማው ዳር አንድ ትጉህ ወጣት አለ። ኩሬ ቆፍሮ፣ ፕላስቲክ አንጥፎ፣ የክረምቱን ውኃ አጠራቅሞ ሽንኩርትና ጎመን ያለማል። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሥራ የለም ብሎ መንገድ ዳር ከሚቆመው ጋር አይቆምም። አንድ ቀን ታዲያ «መምህር፣ ኩሬው ላይ ዓሣ ልጨምርበት ነው» አለኝ።

«ምን ዓሣ?»

«ካርፕ የሚሉት አለ። ብርድ አይፈራ፣ ምግብ አይመርጥ፤ ባጭር ጊዜ ይህን ያህላል» ብሎ ክንዱን ለካልኝ። «ዘመዴ ከሸዋ በጀሪካን ያመጣልኛል።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ሳቀ። «ለዓሣ ደግሞ ምን ፈቃድ አለው መምህር?»

ይህ ጽሑፍ ለዚያች ሳቅ መልስ ነው። ልጁን አልወቅስም፤ ማን ነግሮት ያውቃል? የምወቅሰው እሱን ሳይሆን «ዓሣ ዓሣ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ነው። ይኸው አስተሳሰብ በየአዳራሹ ተቀምጦ የዓመት ዕቅድ ያወጣል፤ ይህን ያህል ሺህ የዓሣ ጫጩት ተሰራጨ ብሎ ሪፖርት ያነባል፤ ያስጨበጭባል። ጫጩቱ የምን ጫጩት እንደሆነ፣ ከየትኛው ውኃ ወጥቶ ወደየትኛው ውኃ እንደገባ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያ ውኃ ውስጥ ማን እንደቀረ የሚጠይቅ ግን በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አላጋጠመኝም።

ለመሆኑ ካርፕ ምንድን ነው? በአገሩ የተከበረ ዓሣ ነው። ቻይናዎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት በኩሬ አርብተውታል። ፖላንድና ቼክ አገር የገና ራት ነው። ከአገሩ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። አፉን ከሐይቁ ወለል ቀብሮ ጭቃውን ይምጋል፤ የሚበላውን ለይቶ የቀረውን ይተፋል። ሲመሽም ሲነጋም ሥራው ይኸው ነው። ዝቃጩ ይነሣል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፣ ከሥር የበቀለው ሣር ይነቀላል። ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ፎስፈረስ ወደ ላይ ወጥቶ አልጌውን ይቀልባል። ሌላው ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትና ጫጩት የሚደብቅበት ያጣል። ትልቅ ሴት ካርፕ ደግሞ በአንድ ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንቁላል መጣል ትችላለች። ባጭሩ ጥማድ በሬ ሐይቅ ውስጥ አስገብቶ ዓመቱን ሙሉ ማረስ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በሬው ማታ ማታ የማይፈታ መሆኑና በየክረምቱ በሺህ የሚራባ መሆኑ ነው።

ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ገባ። የአባ ሳሙኤል ውኃ በአቃቂ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ላይ ተገደበ፤ ካርፑም ዛሬ የቆቃ ነዋሪ ነው። እስከዚህ ድረስ «ውኃ ነው የወሰደው» ብለን እንለፈው። ዝዋይ የምንለው ደምበል ግን ከአዋሽ ጋር አይገናኝም። በመካከላቸው ደረቅ መሬት አለ። ዛሬ ደምበል ውስጥ ካርፕ በብዛት ይጠመዳል። በምን ሄደ? ዓሣ እግር የለውም። የሰው እጅ ነው የወሰደው፤ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ለሐይቁ ብሎም ይሁን ለኩሬ ብሎ ጎርፍ አምልጦት። ደምበል ላይ ቀረሶው ሲመናመን ከልክ ያለፈ ማጥመድም እንዳለበት አውቃለሁ፤ ጥፋቱን ሁሉ በካርፕ ላይ አልደፈድፍም። ነገር ግን ቤቱ እየፈረሰበት ላለ ሰው ተጨማሪ ጎረምሳ አከራዩለት ማለት እርዳታ አይደለም።

ወደራሳችን ክልል እንምጣ። ወሎ ላይ ሁለት ጎረቤት ሐይቆች አሉ፤ አርዲቦ ከላይ፣ ሐይቅ ከታች። ሐይቅ እስጢፋኖስን የማያውቅ የለም፤ ስንት መጽሐፍ የተጻፈበት፣ ስንት ሊቅ የወጣበት ገዳም ነው። እዚያ ሐይቅ ውስጥ ቀረሶ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ውኃውን የለኩ ምሁራን ብዙ ሜትር ወደ ታች ጥርት ብሎ ይታይ እንደነበር ጽፈዋል። በ1970ዎቹ መግቢያ «ሕዝቡ ይብላ» ተብሎ ቀረሶ ተጨመረበት። ቀረሶው ተራባ፤ ሕዝቡም በላ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቀረሶው በዓይን የማይታዩትን፣ አልጌ እየበሉ ውኃውን ያጠሩ የነበሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ለቀማቸው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት አረንጓዴ የለበሰ ሐይቅ ነው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ አድርገው የሚጠቅሱት ያንን ዓሣ ነው። ልብ በሉ፣ ቀረሶ የውጭ አገር ዓሣ አይደለም። የአገር ልጅ ነው። የዚያ ውኃ ልጅ ግን አልነበረም። ከዚያ ደግሞ ካርፕ መጣ። አርዲቦ ገባ፤ የአርዲቦ ውኃ ሲሞላ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ዛሬ በሁለቱም ይጠመዳል። ይህን ውሳኔ ማን ወሰነ? የገዳሙ መነኮሳት ተጠየቁ? በዳርቻው የሚኖረው ገበሬ ተጠየቀ? ፊርማው የት አለ? ድልድይ ለመሥራት ስንት ማኅተም የሚመታበት አገር፣ የሐይቅን ጠባይ ለዘለዓለም ለመቀየር አንድ ባልዲ በቅቶታል።

«ለዘለዓለም» ያልኩት ለማጋነን አይደለም። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መጥፎ መንገድ ይታደሳል፤ መጥፎ ሹም ይሻራል፤ መጥፎ አዋጅ እንኳ በሌላ አዋጅ ይሻሻላል። ኩሬ ከሆነ አድርቀህ፣ ከሥሩ ለቅመህ ማውጣት ትችል ይሆናል። ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የተራባን ዓሣ መልሶ ማውጣት ግን ሀብታሞቹም አልቻሉም። አሜሪካኖች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የደቡብ ግዛቶች ኩሬዎቻቸውን አልጌ እንዲያጠዱላቸው ሌሎች የእስያ ካርፕ ዓይነቶችን አስመጡ። ጎርፍ መጣ፤ ዓሦቹ ሚሲሲፒ ገቡ፤ ሽቅብ ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች አመሩ። ቺካጎ አጠገብ ባለው ቦይ ውስጥ የኤሌክትሪክ አጥር ዘረጉባቸው። አልበቃም። አሁን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ ሌላ መከላከያ እየሠሩ ነው፤ ይህ ሁሉ ወጪ ለማባረር አይደለም፣ የቀሩትን ሐይቆች ለማትረፍ ብቻ ነው። አውስትራሊያ ደግሞ በኮመን ካርፕ ላይ የዓሣ ቫይረስ ልልቀቅ አልልቀቅ እያለች ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታወጣ ስታወርድ ከርማለች።

አሜሪካኖቹ ያደረጉት አንድ ነገር ግን አስቆኛል፤ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ስም አወጣጥ ስንት ሰዓት እንደለፈለፍኩ ትዝ ብሎኝ። ሕዝቡ ካርፕ አልበላም ቢላቸው የኢሊኖይ ግዛት በ2022 እ.ኤ.አ. ስሙን ለወጠለትና «ኮፒ» አለው። እኛ ይህን ከድሮ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል። የእነሱ ግን ቢያንስ ከጉዳቱ በኋላ የመጣ ብልሃት ነው። የኛዎቹ ገና ከመነሻው «የተሻሻለ ዝርያ» ብለው ይጀምራሉ። «የተሻሻለ» ያሉት ነገር ማን አይቀበልም? ለማን እንደተሻሻለ ግን ጠይቁ።

እንግዲህ ጣናን አንሡ።

ጣና ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ ቢበዛ 14 ቢሆን ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ደርቆ እንደነበር የወለሉን ደለል ያጠኑ ሰዎች ነግረውናል። ውኃው ሲመለስ ከወንዝ የገቡ ጥቂት ዓሦች ሰፊ ባዶ ቤት ጠበቃቸው። ከታች ጢስ ዓባይ አለ፤ ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወር ፏፏቴ። ከዚያ በታች ያለ ዓሣ ሽቅብ አይወጣም። ስለዚህ እነዚያ ዓሦች ተወዳዳሪ ሳይመጣባቸው ሐይቁን ተከፋፈሉት። አንዱ ከንፈሩን አወፍሮ በድንጋይ መካከል ለቀመ፤ አንዱ ጥልቁን ያዘ፤ አንዱ ዳር ዳሩን። ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው እነዚህ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ናቸው። የሚገርመው ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ መሆናቸው ነው። ቤተሰባቸው የካርፕ ቤተሰብ ነው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ወገን። ጥርስ የሌለው ዘር አዳኝ ሆነ! እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ብርቅ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ቶሎ አልገባቸውም። ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የተወሰኑትን ለይቶ ጽፎ ነበር፤ አንዱማ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ እስከ ዛሬ «ጎርጓሪ» ተብሎ ይጠራል። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጨፈለቃቸው። እንደገና ለይተው ያወጧቸው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሕር ዳር ከርመው የሠሩት ሆላንዳዊዎቹ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ናቸው። እነሱ ለይተው ሳይጨርሱ ግን ዓሦቹ ማለቅ ጀምረው ነበር። በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል በምርምር መረብ የሚያዘው የነጭ ዓሣ ክብደት 75 ከመቶ ቀነሰ። በአሥር ዓመት! ምክንያቱ አይሰወርም። ነጭ ዓሣ በነሐሴና በመስከረም እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ጠጠር ይወጣል። ልክ በዚያ ሰሞን የወንዞቹ አፍ በመረብ ይዘጋል። ከላይ ደግሞ ብርብራ ወቅጦ የሚበትን አለ። አራስ ቤት ደጃፍ ላይ ወጥመድ መዘርጋት በሉት።

ከጣና ሌላ እንዲህ ያለ ሐይቅ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ፣ በዳርቻው ማራዊ የምትባል ከተማ ያለችበት። እዚያም ከካርፕ ቤተሰብ የሆኑ፣ ከዚያ ሐይቅና መውጫ ወንዙ በቀር በዓለም የትም የሌሉ 17 ዓይነት ዓሦች ነበሩ። ከዚያ ለምግብ የተባሉ እንግዳ ዓሦች ገቡ፤ ከእነሱም ጋር በስህተት ተደባልቀው የገቡ ነበሩ። ማጥመዱም ልክ አጣ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. ከ17ቱ 15ቱ ጠፍተዋል ብሎ አወጀ። የቀሩት ሁለቱም ይኑሩ አይኑሩ አለየለትም። ስለዚህ የጣና ነጭ ዓሣ ዛሬ በዓለም ላይ የመጨረሻው ነው። ይህን የሚያውቅ ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ለብለብ ከሚያዝ ሰው ውስጥ ስንቱ ነው?

ስለ እምቦጭ እናውራ ካላችሁኝ እናውራ፤ ትምህርቱ እዚያ ላይ ነውና። እምቦጭ ቆቃና አዋሽ ላይ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶናል ማለት ነው። አርባ ዓመት! ልጅ ተወልዶ ወልዶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ማሽን ተገዛ፣ ማሽን ቆመ፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሕዝብ እስከ ደረቱ ውኃ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ይህ ሁሉ የተደረገው እምቦጭ ስለሚታይ ነው። አረንጓዴ ነው፤ ያብባል፤ ከሩቅ ፎቶ ይነሣል። ካርፕ ግን አይታይም። ካርፕ ጣና ቢገባ መጀመሪያ የሚያውቀው በታንኳ ላይ ያለ አንድ አጥማጅ ነው፤ እሱም አይቶት የማያውቀው ዓሣ መረቡ ውስጥ ሲያገኝ ለማን ይንገር? የትኛው ቢሮ በር ላይ ይቁም? የሚያምነውስ አለ? ካርፑ ዛሬ ያለው እምቦጭ ያኔ በነበረበት ነው፤ ቆቃ አለ፣ ወሎ ደርሷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ለልጆቻችን እናስተምራለን፤ እኛ ግን የምንነቃው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

«የመርጡለ ማርያም ኩሬ ጣናን ምን ያደርገዋል? ውኃችሁ የሚወርደው ከፏፏቴው በታች ነው» የሚል አዋቂ ይኖራል። ልክ ነው። ከእነብሴ ያመለጠ ዓሣ ዓባይ ገደል ገብቶ፣ ምዕራብ ይዞ፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድባችን የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ነው የሚደርሰው። ገና እየተደላደለ ያለ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ አዲስ ውኃ! እሱ ራሱ ትንሽ ነገር ነው እንዴ? ጣናን በተመለከተ ግን መልሴ ይኸው፦ ዓሣ ፏፏቴ ላይ ሽቅብ አይዋኝም፤ በሚኒባስ ግን ይወጣል። የእነብሴው ኩሬ ሲሳካ የሞጣው ዘመድ «ለኔም» ይላል። የሞጣው ሲሳካ የአዴቱ፣ ከዚያ የመራዊው። መራዊ ሲደርስ ውኃው ወደ ጣና ነው የሚፈሰው። ጢስ ዓባይ ለሺህ ዓመታት የጠበቀውን በር አንድ ቢጫ ጀሪካን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይከፍተዋል። ለወጣቱ የነገርኩት ይህንኑ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ ካርፑ ይቅር፤ ሌላ ምን ልጨምር?» አለኝ። ጥያቄው ይህ ነው፤ መልስ ያለበትም ሰው እኔ አይደለሁም።

እዚህ ላይ አንድ ቃል አላስቀምጥ አለኝ። በቢሮ አማርኛ እንዲህ ያለውን ዓሣና አረም «መጤ ወራሪ ዝርያ» ይሉታል። እኔ ቃሉን መጻፍ ይቀፈኛል። «መጤ» ተብሎ በዚህች አገር ስንት ሰው ከቤቱ ወጥቷል፣ ስንት ሰው ተገድሏል! እናም አንዳንድ አስተዋይ አንባቢ «አንተም ዓሣን በትውልዱ ልትለይ ነው?» ቢለኝ እቀበለዋለሁ። አልለይም። በርበሬ ከማዶ የመጣ ነው፤ ያለ እሱ ወጥ አለን? በቆሎ ከማዶ የመጣ ነው፤ ጎጃም በቆሎ ባይኖር ክረምቱን በምን ይወጣው ነበር? ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል፤ ቤታችን ሁሉ የቆመው በእሱ ነው። በቆሎ ግን ያልዘሩት ማሳ ላይ አይበቅልም፤ ባሕር ዛፍም ሲያስቸግር ምሳር ይቀመጥለታል። ክርክሬ ስለ መምጣት አይደለም። ተጠይቆ ስለ መግባትና መልሶ ስለ መውጣት ነው። ሰው ከየትም ይምጣ ከየት ነገር ይገባዋል፣ ይዳኛል፣ ይዳራል፣ ጎረቤት ይሆናል። ካርፕ ጎረቤት አይሆንም። ስለዚህ ቃሉን ለዓሣው ትተን፣ ሰው ላይ መጠቀሙን እንተወው።

ደግሞ በበጎ ሐሳብ የገባ ነገር ሁሉ በጎ አይሆንም። አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የተተከለው በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ነው። ዛሬ የአፋር ከብት አርቢ ግጦሹን ያጣው በዚያ እሾህ ነው። የተከሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ዕቅድ ነበራቸው፤ ዕቅዱንም ያሳኩ ይመስለኛል።

ከባዱ ሙግት ግን የረሃብ ነው፤ እሱን ዘልዬ ብሄድ ለራሴም አይዋጥልኝም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ግማሽ ያህሉ ልጅ! ይህን ቁጥር ይዞ የሚመጣ የዓሣ ባለሙያ «አንተ ስለ ጎርጓሪ ስታወራ ልጆች ይቀንጭሩ?» ቢለኝ ቶሎ መልስ አላገኝም። ዓሣ ይበላ፤ የሚበላበት ጾም የማይበላበት ጾም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ይበላ ነው የምለው። ግን የትኛው ዓሣ ማንን እንደመገበ እንይ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ እንግሊዞች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ አዳኝ ጨመሩ። በመቶ የሚቆጠሩ የሐይቁ ትናንሽ ዓሣ ዓይነቶች ጠፉ። ትልቁ ዓሣ በፋብሪካ ተቆርጦ አውሮፓ ሄደ፤ በዳርቻው ያለው ድሃ የተረፈውን ጭንቅላትና አጥንት ጠበሰ። ስለ ረሃብ ተብሎ የገባ ዓሣ የራበውን ሰው ዓሣ ወሰደበት። ካርፕም ገበያ ላይ እሾሁ የበዛ ርካሽ ዓሣ ነው። ለእሱ ብለን ነጭ ዓሣን ብንለውጥ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ሸጦ ላባ መግዛት ይሆንብናል።

ለደጋ ኩሬ ካርፕ የሚመረጠው ብርድ ስለሚችል ነው። ቀረሶ ደጋ ላይ እድገቱ ይዘገያል፤ እውነት ነው። ይዘግይ! አንድ ዓመት የዘገየ ራት ይሻላል። በዚያ ላይ ጎጃም ደጋ ብቻ አይደለችም፤ ዓባይ ዳር ያለው ቆላችን ለቀረሶና ለአምባዛ የተመቸ ነው። ሁለቱም ከዚሁ ከዓባይ ተፋሰስ ይገኛሉ፤ ቢያመልጡም ወደ አባታቸው ቤት ነው የሚሄዱት። ይህን ለመሥራት ግን ከዕቅድ ቁጥር ይልቅ ድካም ያስፈልጋል፤ ከየወንዙ ጫጩቱን ማርባት፣ ገበሬውን ማስተማር። ካርፕ ድካም አይጠይቅም፤ ለዚህም ነው የሚወደደው።

«በዚህ ጊዜ?» ትሉኛላችሁ ደግሞ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ክልል ያየውን መከራ እያወቅህ፣ ሰው መንገድ መውጣት በፈራበት ዘመን ስለ ዓሣ ትሟገታለህ? እሟገታለሁ። ሰው በሰው ላይ ሲጠመድ የወንዙን አፍ የሚጠብቅ አይኖርም፤ መረቡ ያን ጊዜ ነው የሚበዛው፤ የማንም ጀሪካን ያን ጊዜ ነው ሳይፈተሽ የሚያልፈው። ሰላም ሲወርድ ቤት ይሠራል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ላናኦን ግን ማንም መልሶ አልሠራውም።

ሕግ የለንም እንዳይባል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለን። ጣናም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተለብጦ የሆነ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል አልጠራጠርም። እኔ የምለው ትንሽ ነው። በጣናና በገባሮቹ ተፋሰስ ውስጥ፣ ኩሬም ይሁን ግድብ፣ አንድም ካርፕ አይግባ፤ «በቁጥጥር ሥር ነው» የሚል ኩሬም አይኑር፤ ጎርፍ ቁጥጥር አያውቅምና። በዓባይ ገባሮች ላይም ከራሱ ከተፋሰሱ ያልተወሰደ ዓሣ አይለቀቅ። ያ የሚጨበጨብለት ሪፖርት ደግሞ አንድ ዓምድ ይጨመርበት፦ «ከየት ውኃ የመጣ?» የሚል፤ ከጎኑም የፈቀደው ሰው ስም ከነፊርማው። ያን ዓምድ ባዶውን የሚተው ባለሙያ ጫጩቱን አያሰራጭ። አጥማጁ እንግዳ ዓሣ ሲያገኝ የሚደውልለት አንድ ስልክ በየወደቡ ይለጠፍ፤ ከታንኳ ጋር የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ሊነግሩን የሚችሉትን በሚሊዮን ብር የሚከፈለው አማካሪ አይነግረንም። ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ የጉማራ፣ የርብና የመገጭ አፍ ከመረብ ነፃ ይሁን። ሁለት ወር ነው።